ክዳን ያጣው የዘርፌ ደጅ

«ደጅ የሚጠና ሰው ጫማው ያልቃል እንጂ ጉዳዩ አያልቅም።»

የጋሽ ጥላዬ አባት ይህችን ቃል ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን የለም። ጫማ ሰፊ ነበሩ። ወይራ አፋፍ በምትባል ከተማ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከአንዲት ሸራ ሥር ተቀምጠው የባለጉዳይ ጫማ ሲጠግኑ ኖሩ፤ እዚያው አረጁ። ሲሞቱ ጋሽ ጥላዬ ወረሰ። ሸራዋንም፣ ወስፌውንም፣ ቃሏንም።

አርባ ዓመት ሙሉ ማዘጋጃ ቤቱን በጫማ በኩል እንጂ በበር በኩል አያውቀውም ነበር። የሚገባው ጫማ ደህና፣ የሚወጣው ጫማ የተበላ። ከዚያ ላይ እንጀራውን ይበላል፤ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ማታ ቤቱ ይገባል። ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቆም አያውቅ። እንግዲህ እንዴት እንደ ገባ ልንገራችሁ። አትሰልቹ፤ እሱም አልሰለቸ። አይ፣ ዋሸሁ፤ ሰልችቷል።

ሚስቱ ዘርፌ ዓይኗን ካጣች ሠላሳ ዓመቷ ነው። ግን ኪዳነ ምሕረትን ሳትሳለም የዋለችበት ቀን አልነበረም። ማንም አይመራትም። ከደጇ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነው፤ ቆጥራዋለች። ብትሯን ይዛ ከቆርቆሮው በር ትወጣለች፤ በደጃፏ በሚያልፈው ቦይ ላይ የተጋደመውን የሲሚንቶ ክዳን ትረግጥና «አንድ» ትላለች። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ እያለች ቅጥሩን ስትነካ ሦስት መቶ አርባ።

በጥምቀት ማግስት አሸዋ የጫነ መኪና ክዳኑ ላይ ወጣና ከሁለት ሰብሮ ቦዩ ውስጥ ከተተው። ከደጃፋቸው ወገብ የሚውጥ ጉድጓድ ቀረ። ዘርፌ በማግሥቱ «አንድ» ብላ ስትረግጥ እግሯ እስከ ጭኗ ገባ። አጥንቷን አልነካትም፤ ተመስገን። ልቧን ግን ነካት። ከዚያ ወዲያ እግሯ መንገዱን ፈራው።

ጋሽ ጥላዬ ሳንቃ አምጥቶ አጋደመላት። ደንብ አስከባሪ መጥቶ «ያለ ፈቃድ በመንግሥት ቦይ ላይ እንጨት ማጋደም ክልክል ነው» ብሎ ሳንቃውን ወሰደው። ጋሽ ጥላዬ ሥራ ላይ በዋለበት ቀን አንዲት መንገደኛ ገብታበት ጮኻ፣ ሰዎች አንሥተው ወሰዷት አሉ። የእድሩ ሰዎችም መጥተው፣ «እትዬ ዘርፌ፣ እኛ ተሸክመን እናሳልምሽ» አሏት።

«በእድር ሰው ትከሻ የምሄደው አንድ ቀን ብቻ ነው» አለቻቸው። «ያንን ቀን አታስቀድሙብኝ።»

እንዲህ ሆኖ የካቲት ዘጠኝ ሰኞ ነጋ። ዘርፌ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ጥላዬ» አለችው።

«ወይ።»

«በሚቀጥለው ሰኞ ኪዳነ ምሕረት ናት። በእግሬ ሄጄ ልሳለም። ሌላ ምንም አልልህም።»

«እኔ እጅሽን ይዤ እመራሻለሁ።»

«መሪ አይደለም ያጣሁት። አንድ ነው ያጣሁት። አንድ ከሌለ ሁለት ከየት ይመጣል?»

ጋሽ ጥላዬ ክዳን ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ እንዳለ ከባለጉዳይ ሰምቷል። ተነሣ፣ አማተበ፣ ወስፌውን ለጎረቤት አደራ ሰጠና ለመጀመሪያ ጊዜ በማዘጋጃ ቤቱ በር ገባ።

ከግቢው ጀርባ መጋዘን አለ። ከመጋዘኑ ጎን የቦይ ክዳን ተደርድሯል፤ ሃያ ሦስት። በላይኛው ላይ ድመት ተኝታለች። የመጋዘኑ ኃላፊ ሽብሩ ነው፤ ግራ ተረከዙ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቅበት፣ የጋሽ ጥላዬ ደንበኛ።

«ሽብሩ፣ አንዷን ስጠኝ።»

«ጋሽ ጥላዬ፣ ለእርስዎ ነፍሴን ብሰጥ ደስ ይለኛል። ክዳን ግን አልሰጥም።»

«ነፍስህን ምን አደርጋታለሁ? ቦይ አትከድን።»

«ባለፈው ዓመት ለአንድ ትምህርት ቤት በቃል ሰጥቼ፣ ኦዲተር ፊት ሦስት ወር ቆሜያለሁ። የወጪ ማዘዣ ያምጡልኝ። ኢንጂነሯ ትፈርምበት። ያኔ ድመቷን ጨምሬ እሰጥዎታለሁ።»

ጋሽ ጥላዬ ለዘርፌ ምን ብሎ ይንገራት? እንዲህ ብሎ ነገራት። ዘርፌ እሳለማለሁ አለች፤ ጉድጓዱ ካልተከደንኩ አላሳልፍም አለ፤ ክዳኑም ካልተፈረመልኝ አልወጣም አለ።

«እንግዲያው ይፈረም» አለች ዘርፌ።

ማክሰኞ ወደ ኢንጂነሯ ሄደ። ኢንጂነር ሕሊና ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት። ነጭ ሸራ ጫማ ታደርጋለች፤ ጋሽ ጥላዬ ያንን ጫማ አቧራ ነክቶት አይቶ አያውቅም።

«አባት፣ ሳላይ አልፈርምም» አለችው። ክፋት የለባትም፤ ወንበር ስባ አስቀምጣዋለች።

«ደግ ነው። እንሂድና እዪው። ሩቅ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ አባታችን ሆይ ብለሽ ሳትጨርሺ ትደርሻለሽ።»

«በእግር?»

«እግር የለሽም እንዴ ልጄ?»

ኢንጂነሯ ቅጽ አወጣች። ጣቷን አንድ መሥመር ላይ አደረገች። «ይኸው፣ መኪናው የተነሣበት ኪሎ ሜትር፣ የደረሰበት ኪሎ ሜትር ይላል። በእግር ከሄድኩ እዚህ ላይ ምን ብዬ ልሙላ?»

«በእግሬ ብለሽ ሙዪ።»

«ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበሉት።»

«ዜሮ በያ።»

«ዜሮ ካልኩ አልወጣሽም ይሉኛል። ካልወጣሁ አላየሁም። ካላየሁ አልፈርምም።»

ጋሽ ጥላዬ ነጩን ጫማ ቁልቁል አየውና አቧራ ያልነካው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባው።

ዘርፌ እሳለማለሁ አለች፤ ጉድጓዱ ካልተከደንኩ አላሳልፍም አለ፤ ክዳኑ ካልተፈረመልኝ አልወጣም አለ፤ ፊርማውም ካልተጫንኩ አልሄድም አለ።

ረቡዕ ወደ መኪናው ሄደ። መኪናው ነጭ ፒክ አፕ ነው፤ ከዋንዛው ሥር ቆሞ ወፎች ቀለሙን ለውጠውታል። ሹፌሩ በድሩ ውስጡ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። የበድሩ ቀኝ ሶል ነዳጅ ሲረግጥ ስለሚበላ፣ ሌላ ጊዜ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። ሰሞኑን አልመጣም። ሁለቱም እኩል ነው፤ ሁለቱም አዲስ።

«በድሩ፣ ኢንጂነሯን አንድ ጊዜ አድርስልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ ዝግጁ ነኝ። መኪናውም ዝግጁ ነው። ሆዱ ነው ባዶ።»

«ምነው፣ ረመዳን ያዘ እንዴ?»

«ኧረ ከረመዳንም የባሰ ነው! ረመዳን ማታ ማታ ያፈጥራል።» በድሩ ራሱ ሳቀና ሳቁን መልሶ ዋጠው። «ነዳጅ በኩፖን ነው። ኩፖኑ ወይዘሮ አስናቀች ዘንድ ነው። ይሂዱና ይጠይቁልኝ፤ እኔማ መጠየቅ ሰልችቶኝ ዘፈን አዳምጣለሁ።»

ወይዘሮ አስናቀች ደልደል ያለች፣ ክፍት ጫማ የምታደርግ፣ አንገቷ ላይ መነጽር ያንጠለጠለች ሴት ናት። የኩፖኑ ጥራዝ ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ደብዳቤውም ተጽፎ ጎኑ ተቀምጧል።

«ኩፖን እንደሆነ ሞልቷል» አለች። «ደብዳቤው ግን ማኅተም የለውም። ያለ ማኅተም አንዲት ቅጠል ብቀድ የምቀደደው እኔ ነኝ።»

እንግዲህ ትንፋሽ ስጡኝ። ዘርፌ እሳለማለሁ አለች፤ ጉድጓዱ ካልተከደንኩ አላሳልፍም አለ፤ ክዳኑ ካልተፈረመልኝ አልወጣም አለ፤ ፊርማው ካልተጫንኩ አልሄድም አለ፤ መኪናው ካልጠጣሁ አልነቃነቅም አለ፤ ኩፖኑም ካልታተምኩ አልቀደድም አለ።

ዘርፌ ይህን ማታ ስትሰማ፣ «ክዳን ስልክህ ዘመድ ማኅበራቸውን ይዘህ መጣህ?» አለችው።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አስናቀች ራሷ እየመራች ወደ መዝገብ ቤት ወሰደችው። አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ባዶ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ የሴት ሹራብ ተንጠልጥሏል። ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት እንደ ጤፍ ክምር ተቆልሏል። የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት ምስክር ወረቀት። የተወለደውም፣ ያገባውም፣ የሞተውም እኩል ይጠብቃል።

ወይዘሮ አስናቀች መሳቢያውን በእጇ ነቀነቀችው። ከውስጥ አንድ ነገር ተንከባለለ፤ ኳ፣ ኳ።

«ሰሙት?» አለች። «እሱ ነው ማኅተሙ። ዐሥር ቀን ሆነው።»

«ማውጣት ነዋ!»

«ተቆልፏል።»

«ስበሩት።»

«መሳቢያ ለመስበር ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴ ለማቋቋም ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ደግሞ...»

«ማኅተም ይፈልጋል» አለ ጋሽ ጥላዬ።

«አይ አባቴ! በአራት ቀን ውስጥ ሥራውን ለመዱት።»

«ቁልፉስ?»

«እታፈራሁ የምትባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አለችን። ሃያ ሁለት ዓመት ማኅተም ስትመታ የኖረች። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው የምታስረው። ታማ ቤቷ ተኝታለች። ሰው ላክንባት፤ ያለ ርክክብ ደብዳቤ ከአንገቴ አይወርድም አለች። ደብዳቤውን ጻፍንላት...»

«ማኅተም የለውም።»

«የለውም።»

ወይዘሮ አስናቀች መሳቢያውን እንደገና ነቀነቀችው። ኳ፣ ኳ።

ያን ዕለት ጋሽ ጥላዬ በግቢው በር ሲወጣ ግድግዳው ላይ «እናንተን ማገልገል ኩራታችን ነው» የሚል ሰሌዳ አየ። ፊደል የቆጠረው ጥቂት ነው፤ ይህን ግን አነበበው። ሊራገም ፈለገና ጾም መሆኑ ትዝ አለው፤ ዋጠው። የናደደው በሰዎቹ እንዳይመስላችሁ። ሽብሩ ልክ ነው፤ ሕሊና ልክ ናት፤ በድሩ ልክ ነው፤ አስናቀችም ልክ ናት። ሁሉም ልክ፣ ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ወንበር ሰጪ። እንዲህ ሁሉም ልክ ሆኖ ጉድጓዱ ክፍት መቅረቱ ነው ያቃጠለው። አንድ ባለጌ ቢያገኝ እንኳ ሰድቦት ይወጣለት ነበር።

ዘርፌ እሳለማለሁ አለች፤ ጉድጓዱ ካልተከደንኩ አላሳልፍም አለ፤ ክዳኑ ካልተፈረመልኝ አልወጣም አለ፤ ፊርማው ካልተጫንኩ አልሄድም አለ፤ መኪናው ካልጠጣሁ አልነቃነቅም አለ፤ ኩፖኑ ካልታተምኩ አልቀደድም አለ፤ ማኅተሙ ካልከፈቱልኝ አልመታም አለ፤ ቁልፉም ከአንገት አልወርድም አለ።

ዓርብ ሆነ። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው፤ እሑድ ዝግ ነው፤ ሰኞ ኪዳነ ምሕረት ናት። የቀረው ዓርብ ብቻ።

ማልዶ ወደ እታፈራሁ ቤት ሄደ። አልጋ ላይ ተጋድማለች። ቀኝ እግሯ ወጌሻ በሸምበቆ አስሮት ትራስ ላይ ተቀምጧል። ከአንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ፣ በማተቡ መስቀልና ቁልፍ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ።»

«አሜን አባቴ። ይቀመጡ።»

ጋሽ ጥላዬ ሲቀመጥ ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ ጫማ ሄደ። ከአልጋው ሥር አንድ ጥቁር የሴት ጫማ አለ። ማሰሪያው ላይ ያለው ስፌት የራሱ ነው፤ ለጥምቀት የሰፋው። ጫማው ግን አንድ ብቻ ነው።

«ሌላኛው የት ሄደ?» አላት።

«ጉድጓድ ውስጥ ቀረ። እግሬን የሰበረኝም እሱ ጉድጓድ ነው። ከኪዳነ ምሕረት ስወርድ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ካለው ቤት ደጃፍ ላይ። ሰው ደጁን እንዲህ ከፍቶ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?»

ጋሽ ጥላዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

«በሩን አረንጓዴ የቀባሁት እኔ ነኝ» አለ።

እታፈራሁ ቀና አለች። ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ወደ ቁልፉ እጇን ሰደደች፤ ልትደብቀው ነው ወይስ ልትሰጠው አልለየለትም።

«ክዳን ልለምን ነው የመጣሁት» አላትና ከዘርፌ እስከ ቁልፉ ያለውን ሁሉ ዘረዘረላት።

«አባቴ፣ ቁልፉን ብሰጥዎት ደስ ባለኝ። አንድ ጊዜ አንዲት ባልደረባዬ በቃል አስረክባ፣ ማኅተም ጠፍቶ ስትከሰስ አይቻለሁ። ቁልፉ ያለ እኔ አይሄድም። እኔ ደግሞ ያለ እግሬ አልሄድም። እግሬ መሬት ሳይነካ አርባ ቀን ይቆይ ብሎኛል ወጌሻው።»

በል እንግዲህ! ዘርፌ እሳለማለሁ አለች፤ ጉድጓዱ ካልተከደንኩ አላሳልፍም አለ፤ ክዳኑ ካልተፈረመልኝ አልወጣም አለ፤ ፊርማው ካልተጫንኩ አልሄድም አለ፤ መኪናው ካልጠጣሁ አልነቃነቅም አለ፤ ኩፖኑ ካልታተምኩ አልቀደድም አለ፤ ማኅተሙ ካልከፈቱልኝ አልመታም አለ፤ ቁልፉ ከአንገት አልወርድም አለ፤ እግሩም ካልዳንኩ አልራመድም አለ። እግሩን የሰበረው ማን ነው? ጉድጓዱ! ገመዱ ዞሮ ዞሮ የጋሽ ጥላዬ ደጅ ላይ ተቋጠረ።

ቤቱ ገባ። ጉድጓዱን ሲዘል እግሩ ሊንሸራተት ነበር። ከግድግዳው ፊት ቆሞ አባታችን ሆይ ጀመረ፤ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳያስበው «የደጃችንንም ክዳን» ብሎ ጨመረ። ከዚያ ሳይጨርስ ተቀመጠ።

«በቃኝ ዘርፌ» አለ። «አባቴ ልክ ነበሩ። እዪው፣ ጫማዬ ተበስቷል።»

«እኔ ምኑን አያለሁ?» አለች ዘርፌ። «ንገረኝ እንጂ።»

ነገራት። እግሩ ጋ ሲደርስ ዘርፌ መሣቅ ጀመረች። ከጥምቀት ወዲህ ስትሥቅ ያን ጊዜ ገና መሆኗ ነው።

«ምን ያሥቅሻል?»

«አንተ ሰውዬ! የእድሩን ሸክም እኔ እምቢ አልኩ እንጂ እሷም እምቢ ብላለች? እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አፈርኩ። ቢሮ በሸክም ቢገቡ ማን ያፍራል?»

«እግሯ መሬት እንዳይነካ ነው የተባለችው» አለ ጋሽ ጥላዬ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ በሸክም ምን ይነካል?»

ወጥቶ ሮጠ። በስድሳ ስምንት ዓመቱ ሮጠ። የእድሩን ዳኛ አቶ ቸርነትን ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«ባለ መደገፊያውን ወንበርና አራት ጉልበት ያላቸው ሰዎች ስጠኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ተመስገን። ውሰድ።»

በቃ። ማዘዣ የለ፣ ቅጽ የለ፣ ኪሎ ሜትር የለ። ጋሽ ጥላዬ ዐይኑ እንባ ሞላ፤ ከድካም ይሁን ከምን እሱም አያውቀው።

እታፈራሁ ወንበሩን ስታይ፣ «ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ ቢሮ ገብቶ ቢሠራ ምን ይባላል?» አለች።

«ጽድቅ ይባላል ልጄ። ተቀመጪ።»

አራቱ ሰዎች ወንበሩን በትከሻቸው አነሡ። እታፈራሁ ከላይ፣ የታሰረው እግሯ ወደ ፊት፣ ቁልፉ ደረቷ ላይ። ጋሽ ጥላዬ ከፊት ከፊት መንገድ ያስለቅቃል። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቆመ፤ ባለ ሱቋ ወጣች፤ ሰው ተከተለ። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ብድግ አለ።

«ቁሙ! ይሄ ምንድን ነው? ሰልፍ ነው?»

«ቁልፍ ነው!» አለ ጋሽ ጥላዬ።

ዘበኛው ቁልፉን አየ። እታፈራሁን አየ። ለካ የልጁ የልደት ወረቀት እዚያ ክምር ውስጥ ኖሯል። ሁለቱንም የበሩን ክንፍ ከፈተ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጆሮ ይከተለው እንጂ እግር አይደርስበትም። እግሩ መሬት ሳይነካ መጣ፤ ቁልፉ ከአንገት ወረደ፤ ማኅተሙ ኳ ብሎ ወጣና ደብዳቤውን መታ፤ ኩፖኑ ተቀደደ፤ መኪናው ጠጣ፤ ጠጥቶም አሳለው፣ ካሳለው በኋላ ተነሣ፤ ወፎቹ ከዋንዛው በረሩ። በድሩ ከደስታው ብዛት አምስት ደቂቃ የማይሞላውን መንገድ ጡሩምባ እየነፋ ሄደው። ኢንጂነር ሕሊና ከመኪናው ወረደች፤ ነጩ ጫማዋ አቧራ ነካ፤ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሳ አየች።

«ጉድጓድ ነው» አለች።

«ስለነገርሽን እግዜር ይስጥልን» አለ በድሩ።

በቅጹ ላይ የተነሣበትን ኪሎ ሜትር ጻፈች፤ የደረሰበትን ጻፈች፤ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላ፤ ሞልታ ጻፈችው። ፊርማው ሰፈረ። ሽብሩ ማዘዣውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ድመቷን በሁለት እጁ አንሥቶ ሌላው ላይ አስተኛት፤ ክዳኑ ወጣ። ቢሮ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው መኪናው ክዳኑን ጭኖ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። አራቱ የእድር ሰዎች ክዳኑን «በስመ አብ» ብለው ከማጋደማቸው በፊት፣ በድሩ በረጅም ሽቦ ከጉድጓዱ አንድ ጥቁር የሴት ጫማ አወጣ። ጋሽ ጥላዬ ጭቃውን በመዳፉ ጠረገ። ስፌቱ አልተፈታም።

ሰኞ፣ የካቲት ዐሥራ ስድስት፣ ሰማዩ ገና ሳይቀላ ዘርፌ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ከቆርቆሮው በር ቆመች። ጋሽ ጥላዬ ከኋላዋ ቆመ። እጁ ወደ ክንዷ ሊሄድ ሲል መለሰው። ዘርፌ ብትሯን ወደ ፊት ሰደደች። ብትሩ ሲሚንቶውን መታ፤ ኳ። እንደገና መታችው። በስተቀኝ መታችው፣ በስተግራ መታችው። ቆየች። ሳምንቱን ሙሉ ጋሽ ጥላዬ ካንኳኳው በር ሁሉ ይህኛው ከበደው።

ከዚያ እግሯን አነሣችና ረገጠች።

«አንድ» አለች።

አልፋ ሄደች። እሱ ከኋላ ከኋላ በልቡ እየቆጠረ ተከተላት። ቅጥሩን በመዳፏ ስትነካ ሁለቱም እኩል ሦስት መቶ አርባ ላይ ነበሩ።

ማክሰኞ ጋሽ ጥላዬ ከሸራው ሥር ተቀመጠ። መጀመሪያ የእታፈራሁን ጫማ አሰማመረ። ቀጥሎ የራሱን አወለቀ፤ ሶሉ መሐሉ ላይ የእንቁላል ያህል ተበስቶ ነበር። «ልክ ነበሩ አባቴ» ብሎ ወስፌውን አነሣ። ከማዶ የበድሩ መኪና አቧራ እየነሰነሰ ከግቢው ወጣ፤ ከኋላው ማኅተም የተመታበት ወረቀታቸውን የያዙ ባለጉዳዮች እየሣቁ ወጡ።

አንድ ጥላ ፊቱ ላይ አረፈ። ቀና ሲል አይቶት የማያውቅ ጎልማሳ ቆሟል። ሰውየው ጫማውን አውልቆ ከፊቱ አስቀመጠ። ጫማው ደህና ነው፤ ያልተበላ፣ ገና አዲስ። ጋሽ ጥላዬ ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ «ይሄ ምኑ ይሰፋል?» አለው።

ሰውየው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በር አየ። ከዚያ ወደ ጋሽ ጥላዬ ጎንበስ አለ።

«በወንበር ያስገቧት አባት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ሶሉን ድርብ ያድርጉልኝ፤ እኛ ሰፈርም አንድ ጉድጓድ አለ።»